ያውቁ ኖሯል? ከልደታ ደጅ እስከ ኢየሩሳሌም ጣሪያ

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ሰፈር ንፍሮው የሚበላው ከቤት ውጭ፣ ደጅ ላይ ነው። ምክንያቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ኢያቄምና ሐና ከአገራቸው ወጥተው ሊባኖስ ተራራ ላይ ሳሉ እመቤታችን ተወለደች፤ እነሱም በሰው አገር፣ ሜዳ ላይ፣ ያገኙትን እህል ቀቅለው ቀመሱ። ይህን እየሰማ ያደገ የልደታ ልጅ ግን ኢየሩሳሌም ሄዶ በአንበሳ በር ሲገባ፣ አስጎብኚው በቀኝ በኩል ወዳለ ግቢ ወስዶ «ማርያም የተወለደችው እዚህ ነው» ይለዋል።

ግቢው የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ነው። መስቀላውያን እ.ኤ.አ. በ1138 አካባቢ ሠሩት። ሳላሕ አድ ዲን ከተማይቱን በ1187 ከያዘ በኋላ በ1192 የእስልምና ትምህርት ቤት አደረገው፤ ይህን የሚናገረው የዐረብኛ ጽሑፍ ዛሬም ከበሩ በላይ ይታያል። በ1856 ደግሞ፣ የክራይሚያ ጦርነት ሲያበቃ፣ የኦቶማኑ ሱልጣን ለፈረንሳይ አስረከበው። ይዞታው አሁንም የፈረንሳይ ነው። ፕሬዚዳንት ማክሮን እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በሩ ላይ የእስራኤል ፖሊሶችን ተቆጥተው ያስወጡት በዚሁ የተነሳ ነው።

የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ድምፅ የሚያስተጋባ የድንጋይ ጣሪያ አለው። ከየአገሩ የሚመጣው ቡድን ሁሉ ተራ ጠብቆ የሚዘምረው ለዚህ ነው። እልልታ የሚወዱ እናት አብረው ከሄዱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የለቀቁት እልልታ ለጥቂት ሰከንድ ከላይ ይመለስላቸዋል።

ሦስተኛ ወገንም አለ። በገሊላ፣ ከናዝሬት አቅራቢያ ያለችው ሴፎሪስ «የኢያቄምና የሐና አገር እኔ ነኝ» ትላለች። ሊባኖስ፣ ኢየሩሳሌም፣ ሴፎሪስ። ጥሩ አስጎብኚ እንዲህ ባለው ቦታ «ነው» ሳይሆን «ይባላል» ይላል። የሊባኖሱን ትውፊት ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም፤ እርስዎ ይንገሯቸው።

ከዚሁ ግቢ ሳይወጡ ጥቂት እርምጃ ቢሄዱ መጻጉዕ 38 ዓመት ሕመም ላይ የቆየበት፣ አምስት መመላለሻ ያለው መጠመቂያ ፍርስራሽ ይገኛል። የእኛ ሰው እዚህ ሲደርስ ፊቱ ሲበራ ያዩታል። ለምን ቢሉ፣ ኢትዮጵያዊው ተሳላሚ በዐቢይ ጾም እሑዶች ኢየሩሳሌምን ገና ሳያያት ዞሯታል፦ በምኩራብ ቤተ መቅደሱን፣ በመጻጉዕ መጠመቂያውን፣ በደብረ ዘይት ተራራውን፣ በሆሳዕና የከተማዋን በር። ሌላው ቱሪስት ካርታ ዘርግቶ የሚፈልገውን እሱ በሳምንቱ ስም ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው አስጎብኚው ቦታውን ማሳየት እንጂ ታሪኩን ከሥሩ መንገር አይጠበቅበትም። ይህን ያልተረዳ አስጎብኚ ደግሞ የሚያውቁትን ሲደጋግምላቸው ጸሎት የሚያደርሱበትን ሰዓት ይበላባቸዋል።

ከኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ስለ መመለሱ በሐዲስ ኪዳን የተጻፈለት ተሳላሚ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ በጋዛ መንገድ ሲመለስ ነው ፊልጶስ የደረሰበት። የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። የአስጎብኚነትን ሙያ በአንድ ጥያቄ ያስረዳ ሰው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተጠመቀበት ውኃ ግን ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ ከኢየሩሳሌም ደቡብ ምዕራብ ዓይን ሐንያ የሚባለው ምንጭ፣ ሌላው በኬብሮን መንገድ ሐልሑል አጠገብ ያለው ዓይን ዲርዋ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በማደባ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ በቀለም ጠጠር የተሠራው ካርታ የሚደግፈው የኬብሮኑን ነው። የቱ ጋ እንደሚወሰዱ የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱ መንገድና የአውቶቡሱ ሹፌር ነው።

ክብረ ነገሥት ከንግሥተ ሳባ በፊት ወደ ሰሎሞን የሄደውን ነጋዴ ታምሪን ይለዋል፤ 520 ግመል የሚጭን፣ 73 ያህል መርከብ የነበረው። ያየውን መጥቶ ማለዳ ማለዳ ሲያወራላት ነው ንግሥቲቱ ልቧ የተነሳው። በኋላ ራሷ ስትነሣ 797 ግመሎች ተጫኑ፤ በቅሎና አህያው አልተቆጠረም። ዛሬ የጉዞ ወኪል የሚሠራውን ሥራ ታምሪን ያለ ኮሚሽን ሠርቶታል።

መንገዱ ሁልጊዜ እንዲህ የደላ አልነበረም። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከ300 በላይ መነኮሳትና መነኮሳይያት ከባሕረ ነጋሽ አገር ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ መንገድ ላይ አደጋ እንደደረሰባቸው ጽፏል። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በሕይወት የደረሱት መነኮሳት ለአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች መንገድ መሪ ሆነዋል። ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በ1450ዎቹ የዓለም ካርታውን ሲሥል የኢትዮጵያን ወንዝና ተራራ የሞላው ከኛ ሰዎች ጠይቆ ነው። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ የቬኒስ ሰው ተሳላሚ መነኮሳትን እያስቀመጠ ከኢትዮጵያ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ መዝግቧል። በሁለቱም ላይ ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ትገኛለች። አንዳንድ ተመራማሪዎች ባራራን የሚፈልጓት እንጦጦና የረር አካባቢ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1441 ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ የቀረቡት ኢትዮጵያውያን የተላኩት ከአገር ቤት ሳይሆን ከኢየሩሳሌም፣ እዚያ ከነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አበምኔት ከአባ ኒቆዲሞስ ነው። አውሮፓውያኑ ንጉሣቸውን «ቄስ ዮሐንስ» እያሉ ሲጠሩባቸው ሰዎቹ ተቃወሙ፤ የንጉሡ ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነበርና።

በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ታተመ። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ሲሆን፣ ቋንቋውን ያስተማረው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ መነኩሴ ነው። ፖትከን ነገሩን የጀመረው ሮም ውስጥ የኢትዮጵያውያንን ዜማ ሰምቶ ነው ይባላል። ሊሳለም የወጣ መነኩሴ ማተሚያ ቤት ገብቶ ታሪክ ሠራ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47 ነው፤ ወንበሩ በሁለት በኩል ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የሸራ አግዳሚ፣ ዕቃው መሐል ላይ። የጥንቶቹ ተሳላሚዎች ወራት የፈጀባቸውን የግብፅ መንገድ በዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መሻገር ተቻለ። ጄት ሲመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አልበቃ አለ፤ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። አካባቢው ግን እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ አድባራት ደጅ የሚነሣው ተሳላሚ ብዙውን ጊዜ አውቶቡስ ነው የሚጠብቀው። በአጥሩ ላይ የተሰቀለውን ባነር ያስተውሉ፦ የበዓሉ ሥዕል ከላይ፣ «መነሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ከሥር፣ ዋጋው «ምግብና መኝታን ጨምሮ»፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር። ግሸን፣ ቁልቢ፣ ላሊበላ፣ ደብረ ሊባኖስ። አስተባባሪው ማይክ ይዞ ከሹፌሩ ጎን ይቆማል፤ መዝሙር ያስጀምራል፣ ስም ይጠራል፣ ጠበል ቦታ ላይ የዘገየውን ይፈልጋል፣ ያመመውን ወደ ፊት ወንበር ያመጣል፣ ነጠላ ረስታ የመጣችውን ያለብሳል። በየትኛውም የቱሪዝም ትምህርት ቤት ያልተማረው ይህ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከአገራችን አስጎብኚዎች ሁሉ ትልቁን ሕዝብ የሚመራው ነው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «ናዝሬት ደርሼ መጣሁ» ቢል አይገረሙ። አዳማ ለብዙ ዓመታት ናዝሬት ስትባል፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ነበረች። ደብረ ዘይት ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አትሞላም፣ ናዝሬት 100 ገደማ፤ ሁለቱንም ለመሳለም ፓስፖርት አያስፈልግም ነበር።

ላሊበላ ውስጥ ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ታቦር፣ መቃብረ አዳምም አሉ። ዮርዳኖሱ ከዓለት ተቆርጦ የወጣ ቦይ ነው፤ መካከሉ ላይ ያው ከዓለቱ የተፈለፈለ መስቀል ቆሟል። በበጋ ውኃ የለውም። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። የላሊበላ አስጎብኚዎች ሥራ ከባድ ነው፤ በአንድ እጃቸው ቅዱስ ላሊበላን፣ በሌላው ኢየሩሳሌምን ይዘው ነው የሚያስረዱት። ኢየሩሳሌምን ጭራሽ የማያውቅ የውጭ እንግዳ ግማሹ ነገር ያመልጠዋል፤ ኢየሩሳሌም ሄዶ የመጣ ሽማግሌ ደግሞ አስጎብኚውን ያርማል።

ቤተ እስራኤላውያን በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው ይጸልዩ ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከእነሱ ከ14,000 በላይ ሰው ከቦሌ ወደ እስራኤል ተጫነ፤ አንዱ ጃምቦ ጄት ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር። እስራኤል ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገችው። አሁን የሚከበረው ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ አሮጌውን ከተማ ቁልቁል ከሚያሳየው የአርሞን ሐናጺቭ መናፈሻ ላይ ነው።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፣ ከአርመን ገዳም በተውጣጡ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ተማረኩ። ወላጆቻቸው በኦቶማን እልቂት ያለቁባቸው 40 ልጆች አዲስ አበባ መጡና «አርባ ልጆች» ተባሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከሐጅ መልስ ዘምዘም፣ ከኢየሩሳሌም መልስ ሻማና መቁጠሪያ ማምጣት የተለመደ ነው፤ ራስ ተፈሪ የማርሽ ባንድ ይዘው ተመለሱ።

እኚሁ ሰው ከ12 ዓመት በኋላ በስደት መጡ። ፋሺስቱ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ንጉሡ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ተነሥተው ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ወረዱና ኢየሩሳሌም ገቡ። ማግስቱ ግንቦት 1፣ ልደታ ነው። በዚያው ዕለት ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ላይ ንጉሠ ነገሥትነቱን ለጣሊያን ንጉሥ አወጀ።

በአዲሱ ኢየሩሳሌም «የኢትዮጵያ ጎዳና» የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እዚያ ናት፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀች ክብ ቤተ ክርስቲያን። የዕብራይስጥን ቋንቋ ከመጽሐፍ ወደ ገበያ ያወጣው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም የዚሁ ጎዳና ነዋሪ ነበር። ጥቂት ወረድ ብሎ በነቢያት ጎዳና ላይ ግንባሩ በይሁዳ አንበሳ ሞዛይክ ያጌጠው ሕንጻ የንግሥት ዘውዲቱ ነው፤ ለኢትዮጵያ ቆንስላነትም አገልግሏል።

ተሳላሚ ክንዱ ላይ መስቀል ተነቅሶ የሚመለስበት ልማድ ጥንታዊ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ከግብፅ የመጣው የራዙቅ ቤተሰብ ይህን ሥራ ለትውልዶች ይዞታል፤ ንድፉ የሚመረጠው ከእንጨት ከተቀረጹ ጥንታዊ ማኅተሞች ነው።

የጎልጎታን ቤተ ክርስቲያን በር ጠዋት የሚከፍቱት ሙስሊሞች ናቸው። ቁልፉን የጁዴህ ቤተሰብ ይይዛል፤ በሩን የኑሴይባ ቤተሰብ ይከፍታል። ከበሩ በላይ መስኮት ላይ የተደገፈው አጭር የእንጨት መሰላል ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ። ማን እንደሚያነሣው መስማማት ስለማይቻል አይነሣም። ስድስት ቤተ ክርስቲያናት የሚጋሩት ቦታ ነው፦ ግሪክ፣ ላቲን፣ አርመን፣ ቅብጥ፣ ሶርያ፣ ኢትዮጵያ። የቱ ጥግ የማን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1852 በወጣ የሱልጣን ትእዛዝ ባለበት ረግቷል።

ኢትዮጵያውያን በመካከለኛው ዘመን ከውስጥ ቦታ ነበራቸው። ግብሩና ድህነቱ ወደ ጣሪያ አወጣቸው፤ ዴር ሱልጣን ማለት ያ ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ የገዳሙን መነኮሳት ጨረሰ፤ የይዞታ ማስረጃዎቻቸውም ያኔ እንደተቃጠሉ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከቅብጦች ጋር የተደረገ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የዮርዳኖስ መንግሥት ለኢትዮጵያ ፈረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን መለሰ። በሚያዝያ 17 ቀን 1962 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት፣ ቅብጦች ለቅዳሴ ወርደው ሳሉ የዴር ሱልጣን ሁለት ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ተቀየረና ኢትዮጵያውያን ያዙ። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ለቅብጦች ቢወስንም መንግሥት ጉዳዩን በይደር አቆየው። በይደር ላይ እንዳለ ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በዚሁ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አንድ ቅብጥ መነኩሴ ፀሐይ ሲበረታበት ወንበሩን ወደ ጥላው አዞረ። ኢትዮጵያውያኑ ይዞታ መግፋት ነው አሉ። ድንጋይና ዱላ ተማዘዙ፤ 11 ሰው ሆስፒታል ገባ። የሩቅ ሰው ይስቃል። መቶ ዓመት በሙሉ በአንድ ክንድ ቦታ የተከራከረ መነኩሴ ግን ዛሬ ወንበር የዞረበት ቦታ ነገ በፍርድ ቤት «ይዞታዬ ነው» እንደሚባል ያውቃል።

የቀዳም ስዑር ማታ በዴር ሱልጣን ግቢ ድንኳን ይተከላል። መነኮሳቱና ምእመኑ ነጭ ለብሰው፣ ጥላ ዘርግተው፣ ከበሮ እየተመታ፣ ሻማ እያበሩ መካከል ያለውን ጉልላት ይዞራሉ። ጉልላቱ ከሥር ላለው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባው ነው፤ ከላይ የእኛ፣ ከታች የአርመኖች። ከየአገሩ የመጣ ጎብኚ በግድግዳው ተደርድሮ ካሜራውን ያነሣል። ቦታ ከፈለጉ ቀደም ብለው ይውጡ።

አንዳንድ የውጭ አስጎብኚ ዴር ሱልጣንን ከነጭራሹ አያሳይም፤ ስለዚህ መንገዱን ራስዎ ይያዙት። ከደማስቆ በር በሚመጣው የኻን አዝ ዘይት ገበያ ውስጥ በቀኝ በኩል የድንጋይ ደረጃ አለ፤ በእሱ ይውጡ። መተላለፊያውን ሲጨርሱ የመስቀል መንገድ 9ኛው ምዕራፍ ይደርሳሉ። በስተግራ ያለው ትንሽ በር የገዳሙ ነው። የመነኮሳቱን ዝቅተኛ ቤቶች አልፈው መጀመሪያ ወደ አርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ይግቡ፤ ንግሥተ ሳባ ሰሎሞን ዘንድ ስትደርስ የሚያሳየው ትልቅ ሥዕል ግድግዳው ላይ አለ። ከዚያ በጠባቡ ደረጃ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ይወርዳሉ፤ ጨለም ስለሚል ግንባርዎን ይጠብቁ። ከሚካኤል በር ሲወጡ የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ላይ ነዎት፤ መሰላሉን ከበሩ በላይ ያዩታል።